እጄን መልሺልኝ

ተሰቅሏል። በዓይኔ በብረቱ አይቼው ነው የመጣሁት። ሲኒማ ራስ ካለ አንድ ሕንፃ ግድግዳ ላይ፣ ሦስት ፎቅ ሙሉ ይዞ፣ ከሥሩ የቆሙት ሚኒባሶች የክብሪት ቀፎ እስኪመስሉ ድረስ ተንሰራፍቶ ተሰቅሏል። ረዳቶቹ ተሳፋሪ መጥራታቸውን ትተው አንጋጠዋል። ከክፍለ ሀገር ዕቃ ሊጭን የመጣ አንድ ነጋዴማ፣ መርካቶ አይደል፣ የሕንፃውን ጥበቃ ጠርቶ «ይሄ በርበሬ የማን ነው? ኪሎውን ስንት ይሉታል?» ብሎ ጠይቋል። ከፎቶው ግርጌ ሁለት ስም በትልልቁ ተጽፏል። ሁለቱም የሴት ስም ነው፤ ሁለቱም ከነአባታቸው።

የምሥራቹ የሀፍሷ ነው። የሀፍሷ ባህረዲን፣ የጎረቤቴ፣ የፎቶ ቤቷ ሀፍሷ። ስሟን ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ አይፈረድባችሁም። የእናንተን ፊት ግን እሷ ሳታውቀው አትቀርም። ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሶማሌ ተራ ስትመላለሱ የኖራችሁ ከሆናችሁ መታወቂያችሁን አውጥታችሁ እዩት። ያቺ አገጯን ትንሽ ቀና ያደረገች፣ «ትንፋሽ ያዙ፣ አሁን ልቀቁት» ተብላ የተነሳች ጉርድ ፎቶ የማን እጅ ሥራ ትመስላችኋለች?

ሀፍሷ በሃያ ሁለት ዓመቷ ነው ጋሼ ቦጋለ ፎቶ ቤት የገባችው። መጀመሪያ የተቀጠረችው ባንኮኒ እንድትይዝ፣ ደረሰኝ እንድትቆርጥ፣ የተቆረጡ ጉርዶችን በትንንሽ ፖስታ እንድትከት ነበር። ካሜራው የጋሼ ቦጋለ ነው፤ ማንም አይነካውም። ግን አንድ ችግር ነበረባቸው። ጉርድ ፎቶ ሁለት ጆሮ ማሳየት አለበት ይባል በነበረበት ጊዜ፣ ሂጃብ የለበሱት ደንበኞቻቸው መጋረጃው ድረስ ይመጡና ጋሼ ቦጋለን፣ ያን ሁሉ ጢማቸውን፣ ሲያዩ ተመልሰው ይወጣሉ። አንድ ቀን በአንድ ጠዋት አራት ሴት እንዲህ ተመለሰች። አራተኛዋ ስትወጣ ሀፍሷ ከባንኮኒው ወጣችና፣

«ጋሼ፣ ካሜራውን ለኔ ይስጡኝና እርስዎ ወጣ ብለው ሻይ ይጠጡ» አለቻቸው።

«ማንሳት ትችያለሽ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይዎት አልነበር? ትንፋሽ ያዙ፣ አሁን ልቀቁት፤ ይኸው ነው።»

ጋሼ ቦጋለ ሻያቸውን ጠጡ። ያን ቀን ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ ጠጡ። ሀፍሷ መጋረጃውን ዘግታ፣ ሴቷን በርጩማው ላይ አስቀምጣ፣ ሻሿን ራሷ ተቀብላ አንገቷ ላይ እያጠፈች ማንሳት ጀመረች። ሴቶቹን ሁሉ ወደሷ የሳበው ግን ሌላ ነገር ነው። ፎቶው ታትሞ ከወጣ በኋላ ካሜራውን ወደ ሴቷ ታዞርና፣ እያየቻት ትደመስሰዋለች። «ይኸው፣ ጠፋ። ፊትሽን ይዘሽ ነው የምትወጪው፤ እኛ ጋ የቀረ የለም» ትላለች። ይህችን ቃል ሰምታ የወጣች ሴት እናቷን ይዛ ትመለሳለች፤ እናቷ ጎረቤቷን።

ሁለተኛው ሙያዋ ማጽዳት ነው። ኤዲት ይሉታል ሌሎቹ፤ እሷ ግን ማጽዳት ነው የምትለው። ማድያቱን፣ ከዓይን ሥር የጠቆረውን፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ጉንጭ ላይ የሚቀመጠውን ያን ግራጫ ነገር ቀስ አድርጋ ታነሳዋለች። ዓረብ አገር ለመሄድ የመጡ ልጃገረዶች ፎቷቸውን ሲቀበሉ «እንዲህ ነኝ እንዴ?» ብለው ሁለት ሦስት ጊዜ ያዩታል። ደንበኛ ሳይጠይቃት ታደርገዋለች። ለሰው የሚሰጥ ዕቃ አቧራው ሳይራገፍ አይሰጥም፤ እሷ ጋ ነገሩ ይኸው ነበር።

እህቷ ፈሪዳ ግን አይዋጥላትም። ፈሪዳ ሶማሌ ተራ ሻሽና ሂጃብ በጅምላ የምትሸጥ፣ ምላሷ እንደ መቀስ የሆነች ታላቅ እህት ናት። ገበያተኛ ካለ ስልክ አታነሳም፤ ገበያተኛ ደግሞ ሁልጊዜ አለ። ኢድ በመጣ ቁጥር፣ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት፣ ሀፍሷ ያነሳቻቸውን የቤተሰብ ፎቶዎች አንድ በአንድ ገልብጣ ጀርባቸውን ታያለች። ጀርባቸው ላይ ሰማያዊ ክብ ማኅተም አለ። «ፎቶ ቦጋለ» ይላል።

«ሃያ ሁለት ዓመት» ትላለች ፈሪዳ፣ ሁሉም እየሰማ። «አንድ ወረቀት ላይ እንኳ ስሟ የለም። እኔ የምሸጠው ሻሽ ጫፉ ላይ የሠራው ፋብሪካ ስም አለበት፤ ከሻሽ አንሳ ትኑር?»

ሀፍሷ ትስቃለች። ስቃ ስትጨርስ ግን የተገለበጡትን ፎቶዎች ራሷ ናት መልሳ የምታቃናቸው።

እንግዲህ ዘንድሮ አንድ ቀን፣ ልክ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሶሊ የምትባል ልጅ እየሮጠች ፎቶ ቤቱ ገባች። ሠላሳ ቢሆናት ነው። ጀርባዋ ላይ ከሷ የሚከብድ ቦርሳ አዝላለች።

«ጉርድ ፎቶ ለአሁን ይደርስልኛል? የሥራ መታወቂያዬ ዛሬ ያልቃል» አለች። «ፎቶ ጋዜጠኛ ነኝ፤ የራሴ ፎቶ ግን የለኝም። አይገርምዎትም?»

«ምን ይገርመኛል፤ እኔስ የት አለኝ» አለች ሀፍሷ። «ደሞ አንቺ በይኝ። እርስዎ ስትይኝ ጡረታ የወጣሁ ይመስለኛል።»

ፎቶው እስኪታተም ሶሊ ባንኮኒው ላይ ደገፍ አለች። ከባንኮኒው መስታወት ሥር የተደረደሩ ፎቶዎች አሉ፤ ሀፍሷ ምሳ ሰዓት ላይ እግሯን ለማፍታታት ስትወጣ የምታነሳቸው። ምናለሽ ተራ፣ አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት፣ ጄሪካን የምታጥብ ሴት፤ ውሃው ጉልበቷ ደርሷል። ቆሎዋን ታቅፋ ቁጭ ብላ ያንቀላፋች። ሁለት ሴቶች አንድ ጥቅል ምንጣፍ በትከሻቸው ተሸክመው፣ የፊተኛዋ ዘወር ብላ ለኋለኛዋ ወሬ ስታወራ። እነዚህን ሀፍሷ አላጸዳቻቸውም፤ ለማንም የማይሰጡ የራሷ ናቸዋ።

«ይሄን ማን አነሳው?» አለች ሶሊ።

«እኔ።»

ሶሊ አንዷን አውጥታ ገለበጠቻት። «ቦጋለ ይላል እኮ።»

«ማኅተሙ ነው» አለች ሀፍሷ፣ መቀሷን እያነሳች።

ሶሊ ቸኩላ እንደነበር ረሳች። እሷና ጓደኞቿ አምስት ሆነው ነው የሚሠሩት፤ አምስቱም ሴቶች፣ አምስቱም ፎቶ ጋዜጠኞች። «ጋዜጣ ላይ ሴት የምትወጣው ወይ ስታለቅስ ወይ ስትመረቅ ነው» አለች። «በመሃል ያለውን ቀን የሚያነሳው የለም።» ስለዚህ ሴቶች ያነሷቸውን፣ ሴቶች ሥራ ላይ የሚውሉባቸውን ፎቶዎች እየሰበሰቡ ነው። ከሁሉም አንዱ ተመርጦ በትልቁ ታትሞ እዚሁ መርካቶ ይሰቀላል፤ አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን ሠራተኛዋ ራሷ በምታልፍበት መንገድ ላይ። ሀፍሷም ታስገባ። ሦስት ነገር ብቻ ይጠበቅባታል፤ ሴቷ ትፍቀድ፣ ስሟ ይጻፍ፣ ፎቶው አይነካካ።

«እነዚህን ውሰጂያቸዋ» አለች ሀፍሷ መስታወቱን እያሳየች።

«ስማቸውን ታውቂዋለሽ?»

ሀፍሷ አታውቀውም። እንዲህ ስትጠየቅ ደግሞ አለማወቋ ትንሽ አሳፈራት።

ስሟን የምታውቃት ሴት ግን አለች፤ እትዬ ታንጉት። ታንጉት ምንይሉ ከጎጃም መጥታ በርበሬ ተራ ከገባች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባሏ ሲሞት አንድ ሴት ልጅ ማርያማዊትን ይዛ ቀረች። ያቺን ልጅ በርበሬ እየቀነጠሰች አሳደገቻት፣ አስተማረቻት፣ ዛሬ መድኃኒት ቤት አስቀጠረቻት። ማርያማዊት ክፍል ባለፈች ቁጥር ለትምህርት ቤት የሚሆን ጉርድ ያነሳቻት ሀፍሷ ናት።

በርበሬ ተራ ያልገባ ሰው ሥራውን ቀላል ይለዋል። የጆንያው በርበሬ መሬት ላይ ይፈሳል፤ አሥር አሥራ አንድ ሴት ክምሩን ከብባ ትቀመጣለች፤ እያንዳንዱን ዛላ እያነሳች ጭራውን ትቀነጥሳለች፣ የነጣውን ከቀዩ ትለያለች። ብናኙ ግን አየሩ ውስጥ እንደ ጉም ይቆማል። ሴቶቹ ሻሻቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ስለሚጠመጥሙ ሲስቁ እንኳ የሚታየው ትከሻቸው ነው። እንግዳ ሰው በሩ ላይ ሲደርስ ሦስት ጊዜ አስነጥሶ ይመለሳል።

ሀፍሷም በሩ ላይ ቆማ አነሳች። ታንጉት በደስታ ፈቀደችላት። እያስነጠሰች፣ እየሳለች፣ ግማሽ ሰዓት ያህል አንስታ ሄደች። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ፣ ደንበኛ በሌለ ቁጥር፣ አጸዳቻት። ከታንጉት ቅንድብ ላይ ቀዩን ብናኝ አነሳች። የቀላውን ዓይን አነጣች። እጆቿ ላይ ስትደርስ ጊዜ ወሰደባት፤ ጥፍሯ ሥር የገባውን፣ ጣቷ ላይ የተሰነጠቀውን፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያቀላውን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሳች፣ ጣቶቹን የሙሽራ ጣት አደረገቻቸው። ያን ያህል የወደደችው ሥራ አልነበራትም። ሲያልቅ በትልቁ አትማ ለታንጉት ወሰደችላት። የመጀመሪያዎቹን፣ ያልጸዱትን፣ እንደ ልማዷ ፊቷ ደመሰሰቻቸው። «ይኸው፣ ጠፋ።»

ታንጉት ፎቶዋን ሳመችው። ሴቶቹ ሁሉ ክምሩን ትተው ተነሱ፤ ያን ቀን በርበሬው ትንሽ ዐረፈ።

ዓርብ ዕለት ሶሊ መጣች። ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየችው።

«በጣም ያምራል» አለች። «ግን በርበሬው የታለ?»

«ይኸው፣ ፊቷ የተከመረው ምንድነው?»

«መሬት ላይማ አለ። እሷ ላይ ነው የሌለው። ሀፍሷ፣ ይሄ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በርበሬ የቀነጠሰች ሴት እጅ ነው?»

ሀፍሷ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አቅርባ እጁን አየችው።

«ያልነካሽውን ስጪኝ። በዚህ ጓደኞቼ አይቀበሉኝም፤ እኔም አልቀበለውም።»

«ደመስሼዋለሁ።»

ሶሊ ቦርሳዋን አውርዳ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «እስከ ረቡዕ ነው ያለን። ረቡዕ ማተሚያ ቤት ይገባል።»

«ክብሯን ልጠብቅላት ብዬ ነው» አለች ሀፍሷ።

«ገብቶኛል። እጇ ግን ማንን ያሳፍራል?»

ሶሊ ከሄደች በኋላ ሀፍሷ መጋረጃውን ዘግታ ደንበኞቿ በሚቀመጡባት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ከስንት ዓመት በፊት እዚችው በርጩማ ላይ የተቀመጠች አንዲት ሴት ትዝ አለቻት። ግራ ዓይኗ አብጦ፣ ጉንጯ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። «በር መታኝ» አለች ሴቲቱ። ሀፍሷ በር እንዳልሆነ፣ ባሏ እንደሆነ አውቃለች። ምንም አልጠየቀቻትም፤ ሰማያዊውን ከጉንጯ ላይ ቀስ አድርጋ አጸዳችላት። ሴቲቱ አመስግናት፣ ደህና ፊት ይዛ ወደዚያው ቤት ተመለሰች። ሀፍሷ ይህን እንደ ደግነት ቆጥራ ስታስበው የኖረች ናት። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያጸዳሁት የማንን ነበር አለች በልቧ፤ የሷን ፊት ነው የሱን ጥፋት?

ቅዳሜ ጠዋት በርበሬ ተራ ሄደች። ነገሩን አስረድታ እንደገና ላንሳሽ ስትል፣ ታንጉት ሻሿን ከአፍንጫዋ ዝቅ አድርጋ አየቻት።

«አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም? ዕድሜ ልኬን አንድ ጊዜ ሰው አስመስለሽኝ፣ አሁን መልሰሽ ብናኝ ላይ ልታንከባልይኝ ነው?»

«እትዬ፣ ያኛው እርስዎ አይደሉም።»

«እንዴት አልሆንም? አንቺ አይደለሽ ያነሳሽው? ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ አከራዬ እንኳ አይታ እርስዎ ማለት ጀምራለች።»

ከወዲያ ማዶ ሀስና የምትባለው ቀንጣሽ በሻሿ ውስጥ ሆና፣ «እኛን ተይንና በርበሬውን ኤዲት አድርጊልን፤ የነጣው ሁሉ ቀይ ይሁንና በጊዜ እንግባ» አለች። ትከሻዎቹ ሁሉ ተነቃነቁ።

ሀፍሷ ማንሳት ትችል ነበር። በሩ ላይ ቆም ብትል፣ በዚያ ሁሉ ብናኝ ውስጥ ማን ያያታል? ሃያ ዓመት መጋረጃ የዘጋች እጅ ግን ያን አታደርግም። ካሜራዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ተመለሰች። ያን ቀን ከሰዓት ለስምንት ሰው ጉርድ አንስታ ለስምንቱም «ትንፋሽ ያዙ» ብላ «ልቀቁት» ማለት ረሳች። አንድ ሰውዬማ ሊያልቅ ነበር።

«ምን ሆነሻል?» አሏት ጋሼ ቦጋለ።

«ምንም።»

«ምንም እንኳ አይመስልም። የኔ ደንበኛ ፊቱ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ።»

ሰኞ ጠዋት፣ ባንኮኒው ፊት ሦስት ሰው ተራ እየጠበቀ፣ ታንጉት ገባች። ተራ አልጠበቀችም። በነጠላዋ የጠቀለለችውን ፍሬም ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

«እጄን መልሺልኝ» አለች።

«እትዬ…»

«ትናንት ማርያማዊት መጣች። ሥራ ስለሚበዛባት እሁድ እሁድ ነው የምትመጣልኝ። ፎቶውን አይታ፣ 'እማዬ፣ ይቺ አክስቴ ናት?' አለችኝ። እኔ ነኝ እንጂ ብላት አታምንም። ቀርባ እጁን አየችውና፣ ይሄ ያንቺ እጅ አይደለም አለችኝ።»

ተራ የሚጠብቁት ሦስቱም ሰዎች ወደ ፍሬሙ አዘነበሉ። ታንጉት ቀጠለች።

«ልጅ ሆና ስታለቅስ እንባዋን ልጠርግላት ጣቴን ሳነሳ የባሰ ትጮህ ነበር። በርበሬው ዓይኗ ውስጥ ይገባላ። ስንቴ ታጥቤ፣ ስንቴ በሎሚ አሽቼ፣ አይለቅም። በኋላ በክርኔ መጥረግ ለመድኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጄን በክርኔ ነው ያባበልኳት። ትናንት ያን አስታውሳ፣ 'እማዬ፣ እጆችሽ እንዲህ ቢሆኑ ኖሮ በክርንሽ ለምን ትጠርጊኝ ነበር? ያስተማሩኝ እጆች የታሉ?' አለችኝ።» ፍሬሙን ወደ ሀፍሷ ገፋችው። «እና ያስተማሯትን መልሺልኝ። አቧራው ይኑር፣ ቀዩ ይኑር። ከረቡዕ በፊት ነው አይደል ያልሽው?»

ጋሼ ቦጋለ ከጓዳ ወጥተው ቆመው ሲሰሙ ነበር። «ሂጂ» አሉ። «ደንበኛውን እኔ አነሳዋለሁ። ትንፋሽም አስለቅቃለሁ።»

በዚህ ጊዜ ሀፍሷ በሩ ላይ አልቆመችም። ታንጉት እጇን ይዛ ክምሩ ዳር፣ በራሷና በሀስና መሃል አስቀመጠቻት። አስቀምጣ የገዛ ትርፍ ሻሿን አወጣችና፣ አንድ ጊዜ በአፍንጫ፣ አንድ ጊዜ በግንባር፣ ከኋላ ጠበቅ አድርጋ አሰረችላት። ሃያ ዓመት ሙሉ የሴቶችን ሻሽ ስትቀበል የኖረችው ሀፍሷ፣ የሌላ ሴት እጅ ሻሽ ሲያስርላት የመጀመሪያዋ ነው።

«እንግዲህ ሥራሽን ሥሪ» አለቻት ታንጉት፤ ወደ ራሷም ሥራ ተመለሰች።

የሚሠራ ዓይን ግን የት አለ? ሻሹ አፍንጫዋን አዳነ እንጂ ዓይኗን አላዳነም። እንባዋ ይወርዳል፤ በካሜራው ቀዳዳ ስታይ የምታየው ቀይ ጭጋግ ብቻ ነው። በመዳፏ ልትጠርግ ስትል ሀስና እጇን ያዘቻት፤ ያ መዳፍ መሬቱን ነክቷል።

«ይቺ ልጅ በእኛ ልታለቅስ መጣች እንጂ ልታነሳን አይደለም» አለች ሀስና።

ያኔ ታንጉት ዞር ብላ፣ በሁለቱም እጇ ዛላ እንደያዘች፣ ክርኗን አንስታ የሀፍሷን ዓይን ጠረገችላት። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ልክ እንደ ልጅ። ጠርጋ ስትመለስ ሁለቱንም ሳቅ ያዛቸው። ሀፍሷም፣ አሁን ልታጣው ነው በሚል ድንጋጤ፣ ምንም ሳታይ፣ የካሜራውን ቁልፍ በግምት ተጫነችው።

ሦስት ፎቅ ይዞ የተሰቀለው ያ ነው። ታንጉት ክርኗ ገና አልወረደም። ሻሿ አፏን ሸፍኖታል፤ ግን ዓይኗ ሲስቅ፣ የዓይኗ ጥግ ላይ ቀዩ ብናኝ በሽብሽቡ ውስጥ ተሰልፎ ይታያል። እጆቿ ከፊት ናቸው፤ የተሰነጠቁ፣ የቀሉ፣ ጥፍራቸው ሥር የጨለመ፣ አንድ ሙሉ እፍኝ ዛላ የያዙ። ከዳር ሀስና አንገቷን ሰግጋ ታያለች።

ረቡዕ ጠዋት ለሶሊ የሚሰጠው ፎቶ ታተመ። ጋሼ ቦጋለ እንደ ወትሯቸው ተቀበሉትና ገለበጡት። ማኅተሙን አነሱ፣ ቀለሙ ላይ ነከሩት፣ ወረቀቱ ላይ ሊያሳርፉ እጃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ ቆሙ። ማኅተሙን ወደ ቦታው መለሱና ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ለሀፍሷ ዘረጉላት።

«ስምሽን ጻፊበት» አሉ።

«ጋሼ፣ ካሜራው የርስዎ ነው።»

«ካሜራው የኔ ነው። እንባው የማን ነበር?»

ሀፍሷ ጻፈች። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ስም ፖስታ ላይ ስትጽፍ የኖረች ሴት፣ የራሷን ስትጽፍ መስመሩን ሳተች፤ «ባህረዲን» የሚለው ትንሽ ወደ ላይ ወጥቷል። ከሥሩ «ታንጉት ምንይሉ፣ በርበሬ ቀንጣሽ» ብላ ጨመረች። ሶሊ ስትመጣ ፎቶውን አየች፣ ገልብጣ ጀርባውን አየችና ሀፍሷን አቀፈቻት። ከመጣው ሁሉ የተመረጠውም ይኸው ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሀፍሷ ለደንበኛ ሁሉ አንድ ጥያቄ ጨምራለች። «ላጽዳው ወይስ ልተወው?» ትላለች። አንዳንዱ አጽጂው ይላል፤ ታጸዳለታለች። አንዳንዷ ግን ትንሽ አስባ፣ «ተዪው» ትላለች።

ዛሬ ጠዋት ፎቶው የታተመበት ሸራ ሲወጣ ታንጉት ከሥሩ ነበረች። ከሥራ ተጠርታ ስለመጣች ሻሿ እንደታሰረ ነው። ልጇ ማርያማዊት ክንዷን ይዛታለች። ታንጉት አንጋጣ አሥሩንም ጥፍሮች አንድ በአንድ ተመለከተች፤ የጎደለ ዕቃ እንዳለ የምትፈትሽ ነበር የምትመስለው።

«ሁሉም አሉ?» አለቻት ማርያማዊት።

«አሉ። አውራ ጣቴ ላይ ያቺ ስንጥቋም አለች።»

ያ ኪሎውን የጠየቀ ነጋዴ አልሄደም ነበር። ጥበቃው ወደ ታንጉት ጠቆመው። ነጋዴው አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደሷ እያየ ቀረበና፣ «እናቴ፣ በርበሬው የርስዎ ነው?» አላት።

«በርበሬውማ ተሽጧል» አለችው ታንጉት። «እጁ ነው የኔ።»

ሀፍሷ አጠገባቸው ቆማ ነበር፤ ስሟን እያየች። አንብባ ትጨርስና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። በመሃል በመሃል ስልኳን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች። ፈሪዳ ጋ ነው የምትደውለው። ይጠራል፤ አይነሳም። ገበያተኛ አለ ማለት ነው። ሀፍሷ ደግሞ ከዚያ ግድግዳ ሥር ንቅንቅ የምትል አትመስልም።

ስለዚህ እኔ እዚህ ከናንተ ጋ ተቀምጬ ምን አደርጋለሁ? ከሲኒማ ራስ ሶማሌ ተራ ለኔ እግር ሩቅ አይደለም። ለያቺ መቀስ ምላስ ፈሪዳ፣ ከሻሽ አንሳ የነበረችው ታናሽ እህቷ ስሟ ሦስት ፎቅ ላይ መውጣቱን ከኔ ቀድሞ ማንም እንዲነግራት አልፈልግም። ደንበኛ ቢኖርም ገፍቼ እገባለሁ። ሱቋን አዘግቼ፣ እጇን ይዤ ነው የማመጣት። በሉ፣ ሄድኩ።